ዳገት ላይ የበራን መብራት ሚኒሞ ላይ አትፈልጉት

ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ትከሻ ይዞ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ናፍጣ ፒካፕ፣ ኋላው ላይ አሥር ኩንታል ሲሚንቶ ተጭኖበት፣ መሐል ዳገት ላይ ሲደርስ በድንገት ጉልበቱ ይወርዳል። ነዳጁ እስከ ወለሉ ቢረገጥም ሞተሩ ከ2,000 ዙር ፈቀቅ አይልም። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ብርቱካናማ መብራት በርቷል። ሹፌሩ ዳር ይዞ ያጠፋዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ሲያስነሳው መኪናው እንደ ወትሮው ይጎትታል። በማግስቱ ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ያዳምጣል፣ ሁለት ሦስቴ ነዳጅ ሰጥቶ ይለቃል፣ ኮዱን (ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ቁጥር) አጥፍቶ «ምንም የለውም» ብሎ ይሸኘዋል። በሦስተኛው ቀን እዚያው ዳገት ላይ መብራቱ ይመለሳል።

መካኒኩ አልዋሸም። ሚኒሞ ላይ በእርግጥ ምንም የለውም። ኮመን ሬይል ሞተር (ናፍጣውን ለሁሉም ኢንጀክተር ከአንድ የጋራ ቱቦ፣ ከሬይሉ፣ በከፍተኛ ግፊት የሚያድል ሞተር) ሚኒሞ ላይ ሲቆም ሬይሉ ውስጥ ያለው የነዳጅ ግፊት ከ250 እስከ 350 ባር ገደማ ነው፤ የሚጠጣውም ናፍጣ ጥቂት ነው። ያው ሞተር ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ግፊቱ 1,400 እና 1,600 ባር ድረስ ይጠየቃል፣ በናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ውስጥ የሚያልፈው ናፍጣም ብዙ እጥፍ ይሆናል። በግማሽ የታፈነ ፊልትሮ ለሚኒሞ ይበቃል፤ ለእንጦጦ አይበቃም። የተሰነጠቀ የቱርቦ ቱቦም ቢሆን ቆሞ ነዳጅ ሲሰጡት አይታወቅም፤ ቱርቦው ጭነት ካልተሰማው በደንብ አይነፋምና። ስለዚህ ዳገት ላይ የበራ መብራት የሚፈለገው ዳገት ላይ፣ ወይም ዳገት ላይ ሳለ በተመዘገበ ቁጥር ነው።

ከዚያ በፊት ግን ቀለሙን ለዩ። ቀይ ከሆነ ምርመራ የለም፣ መቆም ነው። ቀይ የዘይት ጣሳ ምልክት በርቶ «እስከ ሱሉልታ ልድረስ» ማለት ሞተር ማቃጠል ነው፤ የዘይት ግፊት ከሌለ ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ከብሮንዚናው (ዘንጉ ከሚያርፍበት ብረት) የሚለየው ነገር የለም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። ወዲያውኑ አጥፉ። የሙቀት ምልክት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፦ ውሃው እየፈሰሰ ካልሆነ በስተቀር ወዲያው አታጥፉት፤ ዳር ይዛችሁ ዙሩን ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱት። የውሃ ፖምፓው ውሃውን እያዞረ ሙቀቱን ያወጣል። መርፌው በሁለት ደቂቃ ውስጥ መውረድ ካልጀመረ አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን እጅ ሊይዘው እስኪችል ድረስ አትንኩት።

ብርቱካናማው ቼክ ኢንጂን ሲሆን ጊዜ አላችሁ። ያንን ጊዜ የሚያበላሸው ባትሪ መፍታት ነው። ባትሪ ሲፈታ ኮዱ ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀመጠው ፍሪዝ ፍሬም የሚባለው ምዝገባም ይጠፋል። ፍሪዝ ፍሬም ማለት መብራቱ በበራባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ያነሳው ፎቶ ነው፦ የሞተሩ ዙር፣ የመኪናው ፍጥነት፣ ጭነቱ በመቶኛ፣ የውሃው ሙቀት፣ እንደ ሞዴሉም የሬይሉ ግፊት። ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ «ወንድሜ፣ ይቺን መብራት አጥፋልኝ» አትበሉ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኮዱን ከነፍሪዝ ፍሬሙ አንብብልኝ፣ ፎቶ ላንሳው፣ ከዚያ ታጠፋዋለህ» በሉት። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች ለብዙ መኪና ይበቃሉ፤ የቆዩ ሃይሉክሶች ላይ ግን ላይገናኙ ስለሚችሉ ለእነሱ ቶዮታን በደንብ የሚያነብ ስካነር ያለው ባለሙያ ይሻላል።

ከከባድ ጉዞ በኋላ በብዛት የሚገኙት ኮዶች ጥቂት ናቸው። ፒ0087 የሬይሉ ግፊት ከተጠየቀው በታች ሆኗል ማለት ነው። ፒ0088 ተቃራኒው ነው። ፒ0299 ቱርቦው የሚፈለግበትን ያህል አልነፋም ይላል፤ ፒ0234 ደግሞ ከልክ በላይ ነፍቷል። ፒ0401 የኢጂአር፣ የተቃጠለውን ጋዝ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል፣ ነው። ቶዮታ ላይ ፒ1229 ካያችሁ የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን የነዳጅ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጠርጥሩ። ኮዱ ግን የሚነግራችሁ የት መፈለግ እንዳለባችሁ እንጂ የትኛውን ዕቃ መግዛት እንዳለባችሁ አይደለም። ፒ0087 አይቶ ወዲያው «ፖምፓ ይቀየር» የሚል ሰው ከፊልትሮው በፊት ኪሳችሁን እያየ ነው።

ስካነሩ ከተሰካ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ የማፕ ሴንሰሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን) ንባብ ተመልከቱ። ይህች ደቂቃ የማትፈጅ ፍተሻ ብዙ ሰው ይዘላታል። ሞተሩ ስላልተነሳ ሴንሰሩ ማንበብ ያለበት የአካባቢውን አየር ግፊት ነው፦ አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ሱሉልታ 74 አካባቢ፣ የእንጦጦ 3,000 ሜትር ላይ 70። ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ነበር። እዚህ ቆማችሁ 100 ካነበበ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው እየዋሸ ነው፣ ከእሱ በኋላ የምታዩት የቱርቦ ቁጥር ሁሉ አይታመንም።

ይህ ከፍታ ሌላም ነገር ያመጣል። ቱርቦው ሞተሩ ውስጥ 200 ኪሎ ፓስካል ለማድረስ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን አየር ሁለት እጥፍ ቢያምቀው ይበቃል። እንጦጦ ላይ ከ2.8 እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት፤ ማለትም በጣም በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ትርፍ አቅም የለውም። ስለዚህ ቆላ ላይ ማንም የማያውቃት የጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ እዚህ ጉልበት ትገድላለች።

አሁን ወደ ናፍጣው። ፒ0087 ከሆነ፣ ወይም ኮድ ሳይኖርም ዳገት ላይ ጉልበት ከጠፋ፣ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይዞ ከፊልትሮው ሥር ማፍሰስ ነው። ሞተሩ ይጥፋ። ከፊልትሮው ሥር ባለችው የፕላስቲክ ማፍሰሻ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ጫፉን ሃይላንዱ ውስጥ ክተቱ። ማፍሰሻዋን በእጅ ሁለት ዙር ያህል አላሉ፤ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እየተጫናችሁ 200 ሚሊ ሊትር ያህል አውጡ። መልሳችሁ ስትዘጉ በእጅ ብቻ፤ በፒንሳ የጠበቀች ማፍሰሻ ትሰበራለች ወይም በሚቀጥለው ጊዜ አትፈታም። ከዚያ ሃይላንዱን ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጡና አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ እዩት። ንጹሕ ናፍጣ ከሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሻይ ቀለም ነው። ውሃ ካለበት ግርጌው ላይ ጥርት ያለች መስመር ትታያለች፤ ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርጉት ከመስመሩ በታች ያለው ድቡልቡል ጠብታ እየሠራ ይንከባለላል። ቀይ ደለል ከታየ ታንኩ ዝጓል። ጥቁር ዝልግልግ ነገር ከሆነ ውሃና ናፍጣ አብረው ብዙ ቆይተው ተህዋስ የበቀለበት ነው፤ ይህ ፊልትሮ በመቀየር አያልቅም፣ ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት። ውሃው ከአንድ ጣት ወርድ በላይ ከሆነም እንደዚያው።

ብዙ ኮመን ሬይል ሃይሉክሶች ለፊልትሮው የራሱ መብራት አላቸው፤ ብልጭ ድርግም ካለ ውሃ ተጠራቅሟል፣ ሳይጠፋ ከቆመ ፊልትሮው ታፍኗል። ይህ መብራት ከበራ ቼክ ኢንጂኑን ከመመርመር በፊት እሱን መጨረስ ነው።

ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? መልሱ «አላስታውስም» ከሆነ ቀይሩት። 20,000 ኪሎ ሜትር የሚለው መመሪያ ንጹሕ ናፍጣን አስቦ ነው፤ ከበርሜልና ከጀሪካን ለሚቀዳ መኪና 10,000 ላይ መቀየር እንመርጣለን። አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን ናፍጣ ሞልቶ መግጠም የቆየ ልማድ ነው፣ ለድሮዎቹ ሞተሮች ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለኮመን ሬይል ግን አታድርጉት፤ በመሐል ቀዳዳው የሚገባው ናፍጣ ሳይጣራ ቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል፣ ኢንጀክተር ውስጥ ያለው ክፍተት ደግሞ ከጸጉር እጅግ የቀጠነ ነው። ጎሚውን ናፍጣ አስነክታችሁ ግጠሙ፣ የእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ተጫኑ፣ ከዚያ አስነሡ። የእጅ ፖምፓው ፈጽሞ የማይጠነክር ከሆነ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ አየር እየገባ ነው። መምጠጫ ቱቦ ሲሰነጠቅ ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል። ከፊልትሮው በኋላ አንድ ስንዝር ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቀጥላችሁ ሞተሩን አስነሡ፤ አረፋ እየተከታተለ ካለፈ ቱቦዎቹንና ማሰሪያቸውን አንድ በአንድ ፈትሹ።

ፊልትሮ ተቀይሮም ችግሩ ካልጠፋ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፣ ሁለቱም ታንኩ ጋ ናቸው። አንደኛው የታንኩ መተንፈሻ ነው። መብራቱ ዳገት ላይ እንደበራ ቁሙና የነዳጅ ክዳኑን ክፈቱ፤ ፉፍ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኗል። ለማረጋገጥ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ያንኑ ዳገት ድገሙት። ሁለተኛው ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት ነው። ይሄኛው በጠባዩ ይታወቃል፦ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በደንብ ይጎትታል፣ ከዚያ ይደክማል፣ ጠፍቶ ሲያርፍ ይመለሳል። ቆሻሻው በመሳብ ኃይል ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይረግፋል፣ ሲነሳ እንደገና ይለጠፋል። መግቢያው ላይ ያነሣነው መኪና ካረፈ በኋላ መጎተቱ ለዚህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን አጥፍቶ ማስነሳት ብቻውንም ኮምፒውተሩ የቀነሰውን ጉልበት ስለሚመልስ በአንድ ጊዜ አትደምድሙ።

የፖምፓው ቫልቭ፣ ጋራዥ ውስጥ ኤስሲቪ የሚሉት፣ ሲያረጅ ምልክቱ ከፊልትሮ ይለያል። ፊልትሮ የሚያስቸግረው ጭነት ላይ ብቻ ነው። ኤስሲቪ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞውንም ያወዛውዘዋል፤ ቁልቁለት ወርዶ መስቀለኛ ላይ ሲቆም የሚጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ የማለስለስ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ይህን ቫልቭና ፖምፓውን ቶሎ ይበላል። ሲቀየር ዙሪያው አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች አዲሱም አይቆይም። ቶዮታ ላይ ከተቀየረ በኋላ በስካነር ፖምፓውን ማስተማር (ኮምፒውተሩን ከአዲሱ ዕቃ ጋር ማላመድ) ያስፈልጋል፤ ይህ ሲዘለል መብራቱ ተመልሶ «ዕቃው ፌክ ነው» ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ፦ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ አታላሉ። በድሮው ፖምፓ አየር ለማስወጣት የሚደረግ ነበር። እዚህ ግን ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ የሚችል ናፍጣ እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፣ ጉዳቱ እጅ እስከ መቁረጥ ያደርሳል። የደረሰበት ሰው ሕመሙ ባይሰማውም ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ኮዱ ፒ0299 ከሆነ ነዳጁን ተዉትና ወደ አየሩ ሂዱ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጡ። ከጠጠር ማምረቻዎቹ አካባቢ የሚመላለስ መኪና በሁለት ሳምንት ይደፍነዋል። በአየር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀስ ባለ ግፊት ይሁን። ቀጥሎ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢንተርኩለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ጎማ ቱቦዎች ከሥራቸው በእጅ ዳብሱ። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከላይ አይታይም፤ በታች በኩል፣ ማሰሪያው አጠገብ ነው። እጃችሁ ላይ ጥቁር ዘይት የቀላቀለ አቧራ ከወጣ እዚያ ጋ ቱቦውን ጨምቃችሁ ክፈቱት፣ ከንፈር ሆኖ ይከፈታል። ካልተገኘ የቱርቦውን መግቢያ በልኩ በተቆረጠ ክዳን ዝጉና ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ግማሽ ባር ያህል አየር ስጡት፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ቱቦዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ርጩ። ስንጥቁ ያለው አረፋ የሠራበት ቦታ ነው።

ሙቀት ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ዙሪያ በጣም የተናቀው ዕቃ የራዲያተር ክዳን ነው። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የደህና ሞተር ሙቀት ራሱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው፤ 0.9 ባር የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን መፍያውን ወደ 114 ዲግሪ ያወጣዋል። ጎሚው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፣ ስለዚህ ቆላ ላይ ደህና የነበረ መኪና እንጦጦ ላይ ይፈላል። ክዳኑን ስትቀይሩ የተጻፈበትን ቁጥር አስተያዩ፤ «ይገጥማል» ማለት አይበቃም። ውሃ ብቻም አትሙሉ፤ ግማሹ ኩላንት ይሁን፣ ኩላንቱ ዝገትንም ይከላከላል። ከዚያ የራዲያተሩን ፊት እዩ። በሰንዳፋና በሱሉልታ መንገድ ጭድ ከጫነ መኪና ኋላ የሚሄድ ፒካፕ ፊቱ በጭድ ይሸፈናል፣ በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሐል ያለው ደግሞ ከውጭ አይታይም። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ እጠቡት፤ በከፍተኛ ግፊት የታጠበ ክንፍ ይተኛል። ሞተሩ ሞቆ እንደጠፋ ፋኑን በእጅ አሽከርክሩት፤ ሳይያዝ ከተሽከረከረ የፋኑ ክላች ዘይቱን ጨርሷል። ቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ ግን ነገሩ ክዳን አይደለም፤ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው።

የዘይት መብራት ከረጅም ዳገት በኋላ ሚኒሞ ላይ ብቻ ብልጭ ካለ «ሴንሰሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቶዮታ 2.5 እና 3.0 ዲ4ዲ ሞተር ላይ ይህን አትቀበሉ። በእነዚህ ሞተሮች ኢንጀክተር ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ስትለቅ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዘይቱን ወደ ጥቁር ዝፍት ይለውጣል፣ ዝፍቱ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ሚኒሞ ላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና መዳፋችሁን ጠጋ አድርጉ፤ እንደ ልብ ምት ፍ፣ ፍ፣ ፍ እያለ ከመታችሁ ሮንዴላዋ ለቃለች። ሮንዴላ ብቻ ቀይሮ ኮፓውን አለማውረድ ግማሽ ሥራ ነው። ግፊቱን በእጅ መለኪያ ለኩት፤ በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ0.3 ባር፣ በ3,000 ዙር ከ2.5 ባር መውረድ የለበትም። የዘይቱ መጠን በራሱ ከጨመረና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ ሳይስተካከል አትንዱት።

በእነዚሁ ሞተሮች የታይሚንግ ቤልት መብራት ብልሽት አይደለም፣ እንደ ሞዴሉ 100,000 ወይም 150,000 ኪሎ ሜትር ሞልቷል የሚል ቀጠሮ ነው። ቤልቱን ሳትቀይሩ መብራቱን ማስጠፋት ግን ቫልቭና ፒስተን ማጋጨት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርዱ የሚበራ የፍሬን መብራት አብዛኛውን ጊዜ የሸራ ማለቅ ነው፤ ሸራው ሲሳሳ የፍሬን ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት ከመጨመር በፊት ሸራውን እዩ።

ጥገናው ሲያልቅ ያንኑ ጭነት ጭናችሁ ወደዚያው ዳገት ተመለሱ። ስልኩን ሹፌሩ ሳይሆን ጎኑ የተቀመጠው ሰው ይያዝ። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ክፈቱ፦ የተጠየቀው የሬይል ግፊትና ያለው የሬይል ግፊት። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ በሦስተኛ ማርሽ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ውጡ። ሁለቱ ቁጥሮች ተከታትለው ከሄዱ ነዳጁ ደህና ነው። የተጠየቀው 1,400 ላይ ቆሞ ያለው 1,200፣ 1,000 እያለ ከወረደ መብራቱ ገና ባይበራም ችግሩ አልወጣም። ከዚያ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ አቆዩት፣ ቱርቦው ይቀዝቅዝ። አጥፍታችሁ ስካነሩ ላይ ፔንዲንግ ኮድ የሚለውን ክፈቱ፤ ኮምፒውተሩ አንዴ አይቶት መብራት ለማብራት ሁለተኛ ጊዜ የሚጠብቀው ጥፋት እዚያ ይቀመጣል።